የካስታራክ በጎችና የዘነበች ቢጫ ቀሚስ

ልጅ ሳለሁ፣ ጅማን ሳላይ፣ አዲስ አበባም በየት በኩል እንደሆነች ሳላውቅ፣ በፈረንሳይ አገር በስተደቡብ ያለች ካስታራክ የምትባል አንዲት የበግ አርቢዎች መንደር አብጠርጥሬ አውቅ ነበር። የማን ቤት ጣሪያው ድንጋይ እንደሆነ፣ የማን ውሻ ሰው እንደሚነክስ፣ የትኛው የውኃ ጉድጓድ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛዋ መበለት ከየትኛዋ ጋር ስንት ዓመት እንደተኳረፈች ብትጠይቁኝ መልስ ነበረኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። የተማርኩት ሦስተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ጽሕፈቴም የዶሮ ጭረት ነው፤ የሰማሁትን ግን አልረሳም። ዲግሪ ይዘው ትናንት የበሉትን የማያስታውሱ ስንት አይቻለሁ!

ያችን መንደር የነገሩን ሲስተር ማርታ ናቸው። ያኔ ቦንጋ በሚሲዮኑ ግቢ የሰው ቁስል የሚያጥቡ፣ ለሴት ልጆች ስፌት የሚያስተምሩ መነኩሲት ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ መዳፋቸው እንደ አራሽ መዳፍ የሻከረ። አባታቸውም አያታቸውም በግ ጠባቂዎች ነበሩ። አማርኛ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ፣ ለቄሱም ለበጉም እኩል «እርስዎ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት በግ ጎመናቸው ውስጥ ገብቶ፣ «እርስዎ በግ፣ እባክዎ ይውጡ!» እያሉ በመጥረጊያ ሲያባርሩት አይተን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል።

እኔ እሳቸው ዘንድ የሄድኩት ተረት ፍለጋ አይደለም። እግሬ ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበረብኝ። ከሰዓት በኋላ ያጥቡልኛል፣ ነጭ ጨርቅ ይጠቀልሉልኛል። ያ ክረምት ደግሞ የቦንጋ ክረምት ነው፤ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ሰማዩ የተቀደደ ነው የሚመስለው። እስኪያባራ ድረስ ከስፌት ተማሪዎቹ ጋር ማድ ቤታቸው ውስጥ እሳቱን ከበን እንቀመጥ ነበር። እርጥብ እንጨቱ ይጨሳል፣ ዓይናችን ያለቅሳል፣ ከፍሙ ሥር ድንች ተቀብሮ ይበስላል፤ ሲያመሻሽ ፋኖሷን ለኩሰው ከምሰሶው ላይ ይሰቅሏታል፣ የፋኖሷም ብርሃን ነጭ ቆባቸው ላይ ሲያርፍ ያኔ ሲስተር ማርታ የሉም፤ ካስታራክ ሄደዋል። እኛም አብረናቸው እንሄዳለን።

አገሩ ድንጋይ ነው ይሉ ነበር። ዛፍ የሌለበት ሰፊ ድንጋያማ ሜዳ፣ ነፋሱ የሰው ስም የሚጠራ የሚመስልበት። በጎቹ ከቤቱ ሥር፣ ሰዎቹ ከላይ ይተኛሉ፤ በክረምት የበጎቹ ትንፋሽ በወለሉ ስንጥቅ ወጥቶ የልጆቹን አልጋ ያሞቃል። ሙቀት ሲገባ መንደርተኛው በሙሉ በጉን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ተራራው ይሰዳል። ከፊት የሚሄደው ሙክት አንገቱ ላይ የልጅ ራስ የሚያህል ደወል ያስሩለታል። የእያንዳንዱ ቤት በግ ጀርባው ላይ በቀለም የራሱ ምልክት አለው። ባልቴቶቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንጋው ሲያልፍ ዝም ብለው ያያሉ፤ የመጨረሻዋ በግ ካለፈች በኋላም ደወሉ እስኪጠፋ ድረስ ከተቀመጡበት አይነሡም። ይህን ሲነግሩን ሲስተር ማርታ ራሳቸው ዝም ይሉ ነበር። እኛም የምንሰማው የዝናቡን ድምፅ ነበር፤ እሳቸው የሰሙትን እንጃ።

አሁን ስለራሴ ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

እናቴ ማንኪራ በሚባለው መንደራችን በወሊድ ሞተች። አባቴ ወዲያው ሌላ አገባ፣ አዲሲቱ ሚስትም የሰው ልጅ አላሳድግም አለች። ስለዚህ አባቴ እኔን ይዞ ቦንጋ ታላቅ ወንድሙ ቤት አመጣኝ። አጎቴ ገብሬ በግ ነጋዴ ነበር፤ ከሺሺንዳ ገበያ እየገዛ የሚያመጣ፣ ሳቂታ፣ ክፉ የማይወጣው ሰው። ሚስቱ እትዬ በላይነሽ ግን ሌላ ነበረች። እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ወራት በፊት አንድ ልጇን ዘነበችን ትኩሳት ወስዶባት ነበር። ዘነበች የእኔ እኩያ ነበረች፤ ቁመታችንም አንድ ነው ይሉ ነበር። ጎረቤት ደግሞ አፉን አይዝም። እኔ ገና ደጁን ስረግጥ አንዷ ባልቴት፣ «አየሽ በላይነሽ፣ አንዷን ነሥቶ አንዷን ሰጠሽ!» አለቻት። እትዬ በላይነሽ የያዘችውን ቢላዋ ብቻ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ አልጠራችኝም። «አንቺ ልጅ» ነበርኩ።

አትመታኝም ነበር፤ ይህን ልመስክር። ታበላኛለች፣ ቅማሌን ትቀምላለች። ነገር ግን ቅማሌን ስትቀምል እንኳ እጇ የሰው ዕቃ እንደሚያጥብ ሰው እጅ ነበር። ዓይኔን አታይም። አንድ ማታ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው ለአጎቴ ስትነግረው ሰማሁ።

«ገብሬ፣ አልቻልኩም። ፊቷን ባየሁ ቁጥር የኔዋ እንደገና ትሞትብኛለች።»

አጎቴ፣ «እንግዲያው ጅማ አንድ የማውቀው ነጋዴ አለ። ቤት የምትጠርግለት ልጅ ይፈልጋል። መስቀል ይለፍና እወስዳታለሁ» አላት።

ጅማ ማለት ለእኔ ያኔ የዓለም መጨረሻ ነበር። ነሐሴ ነበር ወሩ። መስቀል እስኪደርስ የቀረውን ቀን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ጣት ብቻውን ስለማይበቃ የበረቱን እንጨት በጥፍሬ እጭረው ነበር።

እትዬ በላይነሽ ስትስቅ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በካስታራክ ምክንያት ነው። አጎቴ ከገበያ መጥቶ ቆጯችንን እየበላን ሳለ እኔ ከሚሲዮኑ የሰማሁትን አመጣሁ።

«በሲስተር ማርታ አገር በግ ይታለባል» አልኩ።

አጎቴ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። «ምን ይታለባል?»

«በግ።»

«የበግ ወተት! ለማን ይሰጡታል፣ ለድመት?»

«አይብ ያደርጉታል። ከዚያ ዋሻ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ እስኪሻግት።»

«ሲሻግትስ?»

«ይበሉታል።»

አጎቴ ወደ ኋላው ተንጋለለ። «ሻጋታውን! ወይኔ ገብሬ፣ ስንቱን ሻጋታ ጣልኩ! ሀብታም ሆኜ ነበር እኮ!» እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች፤ ግን አየሁ፤ ጥርሷን አየሁ። «ይኸው ሻጋታ በሊታ ነው እኛን ሊያስተምር የመጣው» አለች፤ ሳቋም አመለጣት። ከዚያ ዘነበች ትቀመጥበት የነበረውን ጥግ አየች፣ ነጠላዋም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ያቺን ሴት የሚከፍት ቁልፍ ቢኖር ያለው ሲስተር ማርታ አገር ነው ብዬ አመንኩ። ልጅነት እንዲህ ነው።

ቁልፉን ያገኘሁ የመሰለኝ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ዝናቡ ግቢውን ሐይቅ አድርጎታል፣ ማድ ቤት ውስጥ ጢሱ ወገባችን ድረስ ወርዷል፣ ሲስተር ማርታ እግሬን እየጠቀለሉ አባታቸው በወሊድ ወራት ምን ያደርጉ እንደነበር ነገሩን። አንዲት በግ ትወልድና ግልገሏ ይሞትባታል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ግልገል እናቱ ትሞትበታለች። ወተት ያላት ልጅ የላትም፣ ልጁ ወተት የለውም። አንድ ላይ ብታደርጓቸው እናቲቱ አሽታ በግንባሯ ትመታዋለች፤ የእኔ አይደለም ትላለች። ያኔ አባታቸው የሞተውን ግልገል ቆዳ በጥንቃቄ ገፈው፣ ለአራቱም እግር ቀዳዳ ትተው፣ እናቱ የሞተችበትን ግልገል እንደ ካፖርት ያለብሱታል።

«ከዚያ እናቷ ታሸታለች» አሉ፣ አፍንጫቸውን ወደ ፋሻው ዝቅ አድርገው እንደ በግ እያሸተቱ። «እዚህ ታሸታለች፣ እዚህ ታሸታለች። የእኔ ልጅ ነው ትላለች። ጡት ትሰጣለች።»

«ሲያድግስ? ቆዳው አይጠበውም?» አለች ከስፌት ተማሪዎቹ አንዷ።

«አይ፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው። በሦስት ቀን ወተቷ በሆዱ ያልፋል። ያኔ ግልገሉ ራሱ እሷን እሷን ይሸታል። ቆዳውን እንጥላለን።»

ሌሎቹ ልጆች ግልገል ካፖርት ለበሰ ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ድንቼን እንኳ ሳልበላ ወጣሁ፤ ዝናቡ ላዬ ላይ ሲወርድ አልታወቀኝም። ሦስት ቀን! እስከ መስቀል ገና ብዙ ቀን አለ።

እትዬ በላይነሽ ከአልጋዋ ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ነበራት። በውስጡ የዘነበች ቢጫ ቀሚስ እንዳለ አውቃለሁ፤ አልፎ አልፎ ስትከፍተው በግድግዳው ቀዳዳ አይቻታለሁ። ለጥምቀት የተሰፋ ነው፤ አንገቱ ዙሪያ ቀይ ጥለት ያለው፣ ሦስት ነጭ ቁልፍ ከኋላው። ብል እንዳይበላው በመሐሉ ኮረሪማ ተነስንሶበታል። የገበያ ቀን እሷም አጎቴም ሲወጡ ጠብቄ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሽታው ወጣና መታኝ። ኮረሪማ ብቻ አልነበረም፤ ከኮረሪማው ሥር የቅቤ፣ የጭስ፣ የአንድ የማላውቃት ልጅ ላብ ነበረበት። ቀሚሱን ለበስኩት። ልክክ አለብኝ። ያ ልክክ ማለቱ አሁንም ይዘገንነኛል። የኋላውን ቁልፎች መቆለፍ አቅቶኝ አንዱን ብቻ ቆለፍኩ፤ ከዚያ ዘነበች ትቀመጥበት ወደነበረው ጥግ ሄጄ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ባቄላ መፈልፈል ያዝኩ።  በሆዴ «ታሸተኛለች፣ የእኔ ናት ትላለች» እል ነበር።

ኮቴዋን ሰማሁ። የተሸከመችው የኮባ ቅጠል ከጀርባዋ ወረደ፤ አላወረደችውም፣ ወደቀ።

«ዘኑ?» አለች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሰው አፍ ሲወጣ አልሰማሁም። ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ዛሬም አላውቅም። ባቄላዬን ጨብጬ ቀረሁ። በሁለት እርምጃ ደረሰችና ከኋላዬ አቅፋ ያዘችኝ፤ አፍንጫዋን ማጅራቴ ላይ፣ ፀጉሬ ውስጥ ቀብራ አንድ ጊዜ በረጅሙ ሳበች። ልክ እንደዚያች በግ። በሕይወቴ እንዲያ አድርጎ ያቀፈኝ የለም፣ ባሌም ቢሆን፣ ነፍሱን ይማረውና። ከዚያ ክንዷ ደረቀ። ፊቴን አዞረችው። አየችኝ። ገፋችኝና ግድግዳው ላይ አረፍኩ።

«አውልቂ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አውልቂው። በራስሽ ሽታ አበላሸሽው።»

ያን ማታ አጎቴ ኩራዟን ወደ ፊቴ አስጠግቶ፣ «ልጄ፣ ምን ነካሽ? ማን አለሽ?» ሲለኝ እኔ ፈሪ፣ «ሲስተር ማርታ ናቸው» አልኩ። እውነትም ነው፣ ውሸትም ነው። እትዬ በላይነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። «ነገ» አለች ከዚያው ሆና፣ «ነገ እኔ ራሴ አነጋግራታለሁ፣ ያችን ፈረንጅ።»

በማግሥቱ ክንዴን ይዛ ሚሲዮኑ ግቢ አስገባችኝ። እሷ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ የሚሲዮኑን ደጅ ረግጣ አታውቅም ነበር። ሲስተር ማርታ ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ አገኘናቸው።

«እርስዎ ነዎት ለዚች ልጅ የሟች ልብስ ልበሺ ያሏት?»

«እኔ? እኔ አላልኩም። እኔ የበግ ነገር ነው የነገርኩ።»

«ታዲያ እኔ በግ ነኝ?»

ሲስተር ማርታ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ሲገባቸው አየሁ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። መኮትኮቻውን ጣሉት፤ እጃቸውን በሽርጣቸው ብዙ ጊዜ ጠረጉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ታሪኩን ቆርጬ ነው የነገርኳቸው። ልጆች ናቸው ብዬ የሚያስቀውን ብቻ ነገርኩ። የቀረ አለ።»

«ይንገሩኛ። ጭቃውን አቋርጬ መጥቻለሁ።»

«ቆዳው የማያታልላት በግ አለች። አስተዋይ በግ። ታሸታለች፣ ታውቃለች፣ ትገፋለች። አባቴ ያኔ ቆዳውን ይጥላል። ማታ ማታ በረት ገብቶ አንድ እግሯን በእጁ ይይዛል። አይመታም። አይቆጣም። ዝም ብሎ ይዞ ይቆማል፣ ግልገሉ ይጠባል። እሷ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ።»

«ከዚያስ? ትወደዋለች?»

«አላውቅም፣ እትዬ በላይነሽ። በግ አይናገርም። ግን አንድ ማታ አባቴ እጁን ይለቃል፤ እሷም አትሄድም።»

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። እትዬ በላይነሽ ቆማ መሬት መሬት አየች። «እኔን የሚይዘኝ የለም» አለች፤ ለሲስተር ማርታም አልመሰለኝም ያለችው። ነጠላዋን ተከናንባ ተመለሰች። እኔ እንደ ወትሮው ከኋላዋ ራቅ ብዬ ስከተል ቆመችና፣

«ቅደሚ» አለችኝ። «ከፊቴ ሁኚ። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ስትወድቂ አላይሽም።»

እስከ ቤት ድረስ ዓይኗ ጀርባዬ ላይ ነበር። ዞሬ አላየሁም፤ አውቀዋለሁ ግን።

መስቀል መጣ። ደመራው ተቃጠለ፣ በግ ታረደ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራራ። እኔ ጨርቄን ጠቅልዬ በበረቱ ጥግ አስቀምጬ ነበር። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ ጅማ የሚሄድ መኪና ነገ…» ብሎ ጀመረ።

«እግሯ ሳይድን?» አለች እትዬ በላይነሽ፣ ከምታጥበው ድስት ቀና ሳትል። «የቆሰለ ዕቃ ሰጠን ቢሉንስ?»

እግሬ በኅዳር ዳነ። አጎቴ እንደገና አነሣው። «ቡናው ሳይለቀም? እጅ አይተርፈኝ!» አለች። ቡናው ተለቀመ። «በጾም መሐል ልጅ ከቤት አይወጣም» አለች። ፋሲካ አለፈ። «ክረምት ሊገባ ሲል ማን መንገድ ይሄዳል፣ ገብሬ፣ አእምሮህ የት ነው?» አለች። አጎቴ ያኔ ሳቀና ሁለተኛ አላነሣውም። እሷ ግን ማንም ሳይጠይቃት አልፎ አልፎ ምክንያት ትጨምር ነበር፤ እንዲህ ምክንያት ስትደረድር ዓመት ዓመትን ወለደ፣ እኔም አድጌ ከዚያው ቤት ተዳርኩ።

ይህን ስትሰሙ ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ሆኑ ብላችሁ እንዳትነሡ። አልሆንም። እሷ «ልጄ» ብላኝ አታውቅም። እኔም «እማዬ» አላልኳትም። ስሜን ግን መጥራት ጀመረች፣ «አስካለ»፣ ያውም በቁጣ። ሁለታችንም ኩሩዎች ነበርን፤ አንዳችን ቀድመን ብንል ኖሮ ሌላችን እንል ነበር፤ ሁለታችንም ጠበቅን። አጎቴ ከሞተ በኋላ አስታመምኳት፤ እየተቆጣችኝ ሞተች። የሾርባው ጨው በዝቷል ነበር የመጨረሻ ቃሏ። አልበዛም ነበር። ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን በራሷ እጅ አጠፈቻቸው። ምን አድርጊበት አላለችኝም።

ሲስተር ማርታ ንጉሡ የወረዱ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ካስታራክን የምታውቅ በዚህ አገር እኔ ብቻ ቀረሁ። ያኔ እሳቱን ከበው የሰሙት ልጆች አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ ሌሎቹ ረስተውታል። እኔ ግን ብቻዬን ስሆን፣ አሁን ደግሞ ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ፣ ባሌ ሞቶ ልጆቼም በየሥራቸው ተበትነው፣ ማታ ማታ በሐሳቤ በዚያች መንደር እሄዳለሁ። በለስ ካለበት ቤት እጀምራለሁ፣ አፉ የተሰበረውን የውኃ ጉድጓድ አልፋለሁ፣ የተኳረፉትን መበለቶች ደጅ አያለሁ፣ በረቱ ጋ ስደርስ እቆማለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠና ያለ ፈረንጅ አንዲት አስተማሪ እያስተረጎመችለት ቤቴ መጣ። የሲስተር ማርታ ወንድም የልጅ ልጅ ነው፤ ራሱም በግ አርቢ ነው፣ መዳፉን ሳይ ሳይነግሩኝ አወቅሁት። የአያቱ እኅት የኖሩበትን አገር ሊያይ ነው የመጣው። ሲስተር ማርታ አገራቸው ገብተው እሳት ዳር ተቀምጠው የቦንጋን በግ ይተርኩ ነበር አለኝ፤ ቀንድ የለውም፣ ፀጉሩ አይሸለትም፣ ላቱ እንደ ትራስ ነው ሲሏቸው ማንም አላመናቸውም። ሳቅኩ። እኛ በሻጋታው፣ እነሱ በላቱ፤ ተካክሰናል።

በስልኩ የመንደሩን ፎቶግራፍ አሳየኝ። ድንጋዩ አለ፣ ሜዳው አለ። «ጢስ የታለ?» አልኩት። ብዙዎቹ ቤቶች ተዘግተዋል፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል፣ በክረምት የሚያድሩት ጥቂት ናቸው አለ። እኔም በለሱ ያለበትን ቤት፣ አፉ የተሰበረውን ጉድጓድ፣ የተኳረፉትን መበለቶች ስም ነገርኩት። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። አስተማሪዋ፣ «ይህን የሚያውቅ እዚያ ሰው አልቀረም፤ እኔ ራሴ ከአያቴ ነው የሰማሁት ይላል» አለችኝ።

ስልሳ ዓመት አፌ ላይ የነበረውን ጥያቄ ያኔ ጠየቅሁት። የሞተውን ግልገል ቆዳ ዛሬም ታለብሳላችሁ ወይ አልኩት።

እንዴታ፣ እኔ ራሴ አለብሳለሁ አለ።

«አልታለልም ስትልስ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት እጁ አየር ላይ የሌለች በግ እግር ያዘ። «እይዛታለሁ» አለ።

ሲሄድ ቀሚሱን አላሳየሁትም። የእሱ አይደለም። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ሳጥኑን ከፈትኩት፤ ወሩም ነበርና። በየዓመቱ አዲስ ኮረሪማ ሲደርስ አሮጌውን አራግፌ አዲሱን እነሰንስበታለሁ፤ እትዬ በላይነሽ ታደርገው እንደነበረው። ማንም አድርጊ አላለኝም። ያኔ ከኮረሪማው ሥር የነበረው ሽታ ጠፍቷል። የዘነበች ላብ የለም፣ የእናቷ ቅቤ የለም። ቀሚሱን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ በረጅሙ ስስበው የሚሸተኝ ኮረሪማና የራሴ እጅ ነው።

ሲስተር ማርታ እናቲቱ እንደምታሸት ነገሩን። ግልገሉም እንደሚያሸት ግን ማንም አይናገርም። እኔ ያን ቀን በዚያ ቀሚስ ውስጥ ሆኜ ያቺ ሴት ማጅራቴ ላይ ትንፋሿን ስትስብ አሽትቻታለሁ፤ ኮባ፣ ዝናብ፣ የሸክም ላብ። እናቴ ይህች ናት ብዬ ያን ጊዜ ወስኜ ነበር። ልነግራት ሕይወቴን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

ሳጥኑን ዘግቼ ቁልፉን አንገቴ ላይ መለስኩት። ደጅ ወጥቼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። የፈረንጁ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ይሰማኝ ነበር፤ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አልተነሣሁም።